ክላክስ ብስክሌት የለመደበት ዓመት

የአሥራ አራት ቁጥሩን አውቶቡስ ሾፌር በእናት አባቱ ስም የሚጠሩት ሚስቱና አማቱ ብቻ ነበሩ። ለቀረው ከተማ ሰውየው «ክላክስ» ነው። ስሙም ዝም ብሎ አልወጣለትም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከገበያው ተነስቶ፣ በሆስፒታሉ በር አልፎ፣ እስከ ባቡር ጣቢያው ሲመላለስ፣ መዳፉ ከመሪው መሀል የሚነሳው ካምቢዮ ለመቀየር ብቻ ነው ይሉታል። የዘጠኝ ቁጥሩ ሾፌር፣ በአጭሩ «ዘጠኝ ቁጥር» የሚሉት፣ ካልቀለደ የበላው የማይረጋለት ባልደረባው፣ «ይኼ ሰውዬ እኮ አደባባዩ ላይ የቆመውን ሐውልት ሳይቀር ዞር በል ብሎታል» እያለ ያስቅበት ነበር።

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ከሩቅ ካየ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ልጅ ያቀፈች እናት ስትገባ ተደላድላ ሳትቀመጥ ፍሪሲዮን አይለቅም። ከፋብሪካ ፈረቃ የሚመለሱት እንቅልፍ ከጣላቸው፣ ማን የት እንደሚወርድ ስለሚያውቅ፣ «የጋራዡ ሰፈር ሰውዬ! ቤትህ ደርሷል፣ ተነስ ወንድሜ!» ብሎ ይቀሰቅሳቸዋል። በዚህ ዓለም ላይ አምርሮ የሚጠላው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፦ ብስክሌት።

«ትንኞች!» ይላል። «በግራ ሲጠብቋቸው በቀኝ፣ በቀኝ ሲጠብቋቸው ከጆሮ ውስጥ!»

እንግዲህ እንዲህ ባለው ሰው መንገድ ላይ ነው የከተማው አስተዳደር ቀለም ይዞ የመጣው። ዋናው ጎዳና በአንድ ክረምት ለሦስት ተከፈለ። መሀሉ ለመኪና፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ቀይ መስመር ለአውቶቡስ ብቻ፣ ዳሩ ላይ ያለው ጠባቡ አረንጓዴ ደግሞ ለብስክሌት። ቀዩን መስመር ክላክስ በሁለት እጁ ተቀበለው። ድሮ አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው መንገድ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሆነ። ከኋላው ወንበር እየተቀመጠች ሹራብ የምትሠራ ደንበኛው እንኳ፣ «ባንተ የተነሳ እጅጌው ሳያልቅ እየደረስኩ ተቸገርኩ» ብላ ወቀሰችው። እሱም እንደ ምርቃት ቆጥሮት ቀኑን ሙሉ ሲያወራው ዋለ።

አረንጓዴው ግን ራስ ምታት ሆነበት። በተለይ የሆስፒታሉ ፌርማታ። እዚያ አውቶቡሱ ከመስመሩ ወጥቶ የሚቆምበት፣ ወደ እግረኛው መንገድ የተቆፈረ ቦታ አለ፤ ሾፌሮቹ «ኪሱ» ይሉታል። የብስክሌቱ መስመር በኪሱና በእግረኛው መንገድ መካከል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ የአውቶቡሱ በር ሲከፈት ተሳፋሪው የሚወርደው በቀጥታ ብስክሌት ፊት ነው።

ጉዱ የፈላው አንድ ማክሰኞ ጧት ነው። አንድ ሽማግሌ አንድ ዘንቢል ቲማቲም ይዘው ሲወርዱ፣ ወደ ሥራዋ የምትከንፍ ነርስ በብስክሌት ደረሰች። ፍሬን ያዘች፤ ሽማግሌውን አዳነቻቸው፤ ራሷ ግን ከነብስክሌቷ ቲማቲሙ ላይ ተነጠፈች። ክላክስ ወርዶ ነጭ ጋውኗ ከአንገት እስከ ጉልበት ቀልቶ ሲያይ ልቡ ቀጥ አለ። ቲማቲም መሆኑ እስኪገባው ድረስ ያለፈው ጊዜ ለሱ አንድ ዓመት ነበር።

ሰው ደግሞ በጣም ሲደነግጥ የሚያደርገውን አያውቅም። ልጅቷን በማንሳት ፈንታ ጮኸባት።

«ዓይን የለሽም? ይኼን የሚያህል አውቶቡስ አልታየሽም?»

ነርሷ ክርኗ ላይ የተላጠውን እያየች በራሷ ጊዜ ተነሳች። አልጮኸችም። ኮርቻውን መታ መታ አደረገችና፣

«ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቻ እዚህ ላይ ይቀመጡና ከኔ በኩል ይዩት። ከዚያ በኋላ ይሳደቡ፤ እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ» አለችው።

ተሳፋሪው በመስኮት እያየ ሳቀ። ሽማግሌውም ቲማቲማቸውን እየለቀሙ፣ «እውነቷን ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ!» አሉ። ክላክስ ወደ መሪው ተመለሰ። ያን ቀን እስከ ማታ ድረስ ክላክሱን አለመንካቱን ዘጠኝ ቁጥር ታዝቦ፣ «ተበላሸብህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ከስምሪት ክፍሉ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሾፌሮች በሙሉ ከመጪው ወር ጀምሮ ሥልጠና ይወስዳሉ። በሁለተኛው ቀን እያንዳንዱ ሾፌር የራሱን መስመር በብስክሌት ይሄደዋል። ባልደረቦቹ እየተሳሳቁ ሲያነቡ ክላክስ ከኋላ ቆሞ ላብ አጠመቀው። ብስክሌት መንዳት አይችልማ! ለሰባት ወንድማማች አንድ ብስክሌት በነበረበት ቤት ሰባተኛ ሆኖ ተወልዶ፣ ተራው ሲደርሰው ብስክሌቱ ጎማም ሰንሰለትም አልነበረውም። ከዚያ በኋላ አድጎ ሾፌር ሆነ። አሥራ ሁለት ሜትር አውቶቡስ በጠባብ መንገድ ወደ ኋላ የሚያስገባ ሰው ብስክሌት አይችልም ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ማታ እራት ላይ ሚስቱን በሹክሹክታ አወያያት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የጎረቤት ኮት ቁልፍ እየተከለች ሰማችው።

«ሐኪም ዘንድ ሄጄ ወገቤን ብላቸውስ?»

«ወገብህን ያምሃል ካሉህ አውቶቡሱንም ይወስዱብሃል።»

«ጉልበቴን ብልስ?»

«ጉልበትህ ምን አድርጎህ ነው ስሙን የምታጠፋው?»

ይኼን ጊዜ ከሶፋው ጥግ አማቱ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ንግግራቸውም የተመጠነ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ፣ እሱ «እማማ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም አማች ክብር ነው ብለው አንድ ቀን እንኳ «አንተ» ብለውት አያውቁም። «ይብሉ እንጂ»፣ «ደክሞዎት ይሆናል፣ ይረፉ» ነው የሚሉት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳልፈልግ ሰማሁ» አሉ። «እኔ ላስተምርዎት።»

«ምን እማማ?»

«ብስክሌት ነዋ።»

ክላክስ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ቁልፏን መትከሏን ሳታቆም፣ «እናቴ ፖስታ ቤት ትሠራ እንደነበር ታውቃለህ አይደል?» አለችው።

«አውቃለሁ። ማኅተም ይመቱ ነበር።»

«ማኅተም?» አሉ አማቱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ቴሌግራም አዳይ ነበርኩ! በዚህ ከተማ ያልወጣሁት ዳገት የለም። ሦስት ውሻ ነክሶኛል፤ አንዱም ከብስክሌት አልጣለኝም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት፣ ሁለቱ ከሰፈሩ ጠጋኝ የተዋሱትን ብስክሌት እየገፉ ሄዱ። ዘበኛውን ለማንም እንዳይናገር አስምለው ገቡ። አማቱ መጀመሪያ የብሎን መፍቻ ጠየቁ። ሁለቱንም ፔዳል ፈተው በኪሳቸው ከተቱ፤ ኮርቻውንም እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረጉት።

«ያለ ፔዳል ምን ይሠራል?» አለ ክላክስ።

«መጀመሪያ መውደቅን ይርሱ። መሄድ በኋላ ይመጣል። ይቀመጡና በእግርዎ መሬቱን እየገፉ ይሂዱ።»

መቶ ኪሎ የሚመዝነው ሰውዬ ተቀመጠ፤ መሬቱንም እንደ ዳክዬ እየቀዘፈ ግቢውን ዞረ። ዘበኛው ሳቁ አላስቀምጥ ሲለው ጎጆው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። በመጀመሪያው እሑድ ክላክስ ሁለት ጊዜ የጎማ ክምር ውስጥ ገባ። በሁለተኛው እሑድ እግሩን ለረጅም ጊዜ ማንሳት ቻለ፤ ቻለ ብሎ ሲደሰትም የዘይት በርሜል ገጨ።

«ዓይንዎ የት ነው ያለው?» አሉት አማቱ።

«በርሜሉ ላይ ነው! እንዳልገጨው ብዬ ሳየው ነበር።»

«እሱ ነው ጥፋቱ። የሚፈሩትን አይዩ። ሊሄዱበት ያሰቡትን ይዩ፤ ብስክሌቱ ዓይንዎን ተከትሎ ይሄዳል።»

በሦስተኛው እሑድ ፔዳሎቹ ተመለሱ። አማቱ ከኋላ ኮርቻውን ይዘው፣ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው እየሮጡ ገፉት። ብስክሌቱ ግራ ቀኝ ተንገዳገደ፤ ክላክስ ደንግጦ እግሩን ሊያወርድ ሲል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀው ክብር በአንድ አፍታ በነነ።

«አንተ! እግርህን አታውርድ! ርገጥ! ርገጥ እኮ ነው የምልህ አንተ ሰውዬ!»

ክላክስ ከድንጋጤው የተነሳ ረገጠ። ረገጠ፣ ደገመ፣ ደጋገመ፤ ግቢውን ሙሉ ዙር ዞሮ ሲመለስ አማቱ መሀል ላይ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አገኛቸው። ኮርቻውን ከለቀቁት ቆይቷል።

«ይቅር ይበሉኝ» አሉ በሐፍረት። «አፌ አመለጠኝ።»

«እማማ፣ በእናትዎ፣ እንደሱ ይበሉኝ» አለ ክላክስ እያለከለከ። «ዛሬ ገና ቤተሰብ ሆንኩ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ «እርስዎ» የሚባል ነገር በዚያ ቤት ውስጥ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሆነ።

የሥልጠናው ቀን ደረሰ። አሠልጣኟ የመንገዱን ንድፍ የሠራችው መሐንዲስ ናት። ጫማዋ ላይ የአረንጓዴው ቀለም ጠብታ ያለባት፣ ስትናገር በእርሳስ አየር ላይ የምትሥል ወጣት ሴት። በመጀመሪያው ቀን ሾፌሮቹን በአስፋልቱ ዳር በቆሙ ብስክሌቶች ላይ በተርታ አስቀመጠቻቸውና፣ የዘጠኝ ቁጥሩን ሾፌር አውቶቡስ ይዞ በአጠገባቸው እንዲያልፍ አዘዘችው። መጀመሪያ በክንድ ርቀት፣ ቀጥሎ ራቅ ብሎ።

ክላክስ አሥራ ሁለት ሜትሩ ብረት በግራ ጆሮው በኩል ሲያልፍ ነፋሱ ሸሚዙን ጎተተው፤ ብስክሌቱም ከሥሩ ተንቀጠቀጠ። ዘጠኝ ቁጥር ደግሞ ቀልዱ መቼ ይለቀውና፣ ልክ እሱ ዘንድ ሲደርስ ክላክሱን አንባረቀው። ክላክስ ከኮርቻው ዘሎ ወረደ። ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ሃያ ስድስት ዓመት ስንት ሰው እንዲህ እንዳስዘለለ ማሰብ ጀምሮ ቁጥሩ ስለበዛበት ተወው።

በማግስቱ መሐንዲሷ ከኋላ፣ እሱ ከፊት ሆነው የአሥራ አራት ቁጥርን መስመር በብስክሌት ተያያዙት። ክላክስ የሚፈራውን ሳይሆን የሚሄድበትን እያየ፣ ከገበያው ጀምሮ ያለ እንከን መጣ። እንዲያውም አየሩ፣ የዳቦ ቤቱ ሽታ፣ ከመሪ ኋላ ሆኖ ሰምቶት የማያውቀው የወፎች ጩኸት ደስ አለው። ሆስፒታሉ ጋ ሲደርስ ግን አንድ አውቶቡስ ቀድሞት ታጥፎ ኪሱ ውስጥ ገባ፤ በሩም ተከፈተ። ከፊቱ ሰው ፈሰሰ፣ በግራው የአውቶቡሱ ጎን፣ በቀኙ የመንገዱ ጠርዝ። ፍሬኑን በሁለት እጁ አንቆ፣ እግሩን ተክሎ ቆመ።

«ኢንጂነር፣ ይኼ ንድፍ ስህተት ነው» አለ ትንፋሹ ሲመለስ።

«አውቃለሁ» አለች። «ስድስት ጊዜ ነው የሣልኩት። የመጀመሪያው ላይ ኪስ የሚባል ነገር አልነበረም። አውቶቡሱ ቀዩ መስመር ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተሳፋሪው ሰፊ መድረክ ላይ ይወርዳል። ብስክሌቱ ደግሞ በመጠለያው ጀርባ ዞሮ ያልፋል።»

«ታዲያ ምን ነካሽ? እሱን አትሠሪም ነበር?»

«ሾፌሮች ተቃወሙ። ኪስ ካልተሠራልን ብለው ደብዳቤ ጻፉ።»

«የትኛው ጅል ነው እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፈው?»

መሐንዲሷ ከቦርሳዋ ካርታዎቹን አገላበጠችና አንድ ወረቀት አወጣች። ከሥሩ ሃያ ሦስት ፊርማ አለ። የመጀመሪያው ከሌሎቹ ሁሉ የሚተልቅ፣ ጅራቱ ሁለት መሥመር አልፎ የሚሄድ ነበር። ክላክስ ፊርማውን አየ፤ መሐንዲሷን አየ፤ ተመልሶ ፊርማውን አየ።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው ነገሩ» አለ ቀስ ብሎ። «ጅሉ እኔ ነኝ።»

መሐንዲሷ ልትስቅ አልፈለገችም፤ ግን ራሷን መያዝ አልቻለችም። ሁለቱም እዚያው ብስክሌታቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ስትረጋጋ ግን ቁምነገሩን ነገረችው። ሾፌሮቹ ፊርማቸውን ካነሱ አንዱን ፌርማታ ለመሞከሪያ አፍርሳ እንድትሠራ ይፈቀድላታል። ካላነሱ ግን እጇ የታሰረ ነው።

ክላክስ በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የሾፌሮቹ ክበብ ውስጥ ወንበር ላይ ቆመ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። «አንዱ መስመሩ ላይ ከቆመ ከኋላው ያለነውን ማን ያሳልፈናል?» አለ አንዱ። «ትናንት ትንኝ ስትላቸው አልነበረም እንዴ? ምን አስነከሱህ?» አለ ሌላው።

«አዎ ብያለሁ» አለ ክላክስ። «እሱን ተዉትና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከኪሱ ወጥታችሁ መስመር ለመግባት ስፖኪዮ ላይ ስንት ጊዜ ታፈጣላችሁ? አንድም መኪና ግባ ብሏችሁ ያውቃል? ኪሱ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም!»

ዘጠኝ ቁጥር ይኼን ጊዜ ቀልዱን ትቶ ሰዓቱን አየ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሆኖ ይለካ ጀመር። ማታ ሲመለስ፣ «ከኪሱ ለመውጣት አንዴ አርባ፣ አንዴ ሃምሳ ሰከንድ ቆምኩ፤ ያውም እየለመንኩ» ብሎ መሰከረ። ሾፌሮቹ ግን ካላዩ አላመኑም። ስለዚህ ቅዳሜ በግቢው ውስጥ እንሞክረው ተባለ። መሐንዲሷ በጠመኔ መሬቱን አሰመረች፤ መካኒኮቹ ከእንጨት ሳጥኖች መድረክ ሠሩ፤ የጽዳት ሠራተኞች ተሳፋሪ ሆኑ።

«ብስክሌት የሚነዳውስ?» አለች መሐንዲሷ።

«ሰው አለኝ» አለ ክላክስ።

አማቱ ፀጉራቸውን በሻሽ ሸብ አድርገው፣ ሱሪ ለብሰው መጡ። ብስክሌት ከነዱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ኮርቻውን በመዳፋቸው ለኩት፤ ደወሉን አንዴ ሞከሩት፤ ከዚያ እንደ ትናንት ወጡበት። ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡሱን ጠመኔው ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ተሳፋሪዎቹ ሳጥኑ ላይ ወረዱ። በጀርባቸው በኩል ስድሳ ሰባት ዓመት ሽው ብሎ አለፈ። ማንም ማንንም አልነካም። አውቶቡሱም ማንንም ሳይለምን ተንቀሳቀሰ።

«ድገሚው እማማ!» ብሎ ጮኸ አንዱ መካኒክ። አምስት ጊዜ ደገሙት። በአምስተኛው ላይ አንድ እጃቸውን ለቀው ሲያልፉ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ያን ዕለት ሃያ አንድ ሾፌር ፊርማውን አነሳ። የቀሩት ሁለቱ ጡረታ ወጥተው ነበር።

የሆስፒታሉ ፌርማታ በሁለት ወር ውስጥ ተሠራ። ሥራ በጀመረበት ጧት ክላክስ አውቶቡሱን አቁሞ በሩን ሲከፍት፣ ነርሷ በመጠለያው ጀርባ ስታልፍ በስፖኪዮው አያት። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«አንቺ ልጅ! ተቀምጬ አየሁት!» አላት።

«ታዲያስ?» አለች ሳትቆም።

«መሳደቤን ትቻለሁ!»

በዓመቱ መጨረሻ ሌሎች ዘጠኝ ፌርማታዎች እንደዚያው ተለወጡ። አዲስ ሾፌር ሲቀጠር የብስክሌቱን ቀን የሚያሠለጥነው ክላክስ ሆነ። ብስክሌት የማይችል ከመጣ ሳያሳፍር፣ ማንም ሳይሰማ፣ የእሑድን ሰዓት በጆሮው ይነግረዋል።

አንድ እሑድ ደግሞ እሱና አማቱ ከከተማው ወጣ ብሎ እስካለው የውኃ ግድብ ድረስ በብስክሌት ለመሄድ ተነሱ። ሚስቱ፣ «እኔ ልብሴን አላቆሽሽም» ብላ ቀረች። አማቱ ከፊት እየመሩ፣ ዳገቱ ላይ «ና እንጂ!» እያሉ፣ እሱ ከኋላ እያለከለከ፣ ሰዓት ተኩል ፈጅተው ደረሱ። ግድቡ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሚስቱ እግሯን አጣምራ ብርቱካን ስትልጥ አገኟት።

«በምን መጣሽ?» አለ ክላክስ አፉን ከፍቶ።

«በዘጠኝ ቁጥር ነዋ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ሾፌሩ ሰላም ብሎሃል፤ መንገድ ላይ አልፈናችሁ ነበር፤ እማዬ ስታየን አንተ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።»

አማቱ ብስክሌታቸውን ከዛፉ ጋር አስደግፈው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡና እጃቸውን ለብርቱካኑ ዘረጉ።

«ለሱ ሁለት ስጪው» አሉ። «ዛሬ እግሩን አላወረደም፤ እስከ መጨረሻው ረግጧል።»

ክላክስ ሣሩ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ የመጀመሪያውን ብርቱካን ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰደው። ሁለቱ ሴቶች ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል ድረስ እያወሩ፣ ማን ይቀስቅሰው በሚለው ላይ ሳይስማሙ ቆዩ።